ሶፍትዌር የምናሠራ ነጋዴዎች አስቀድመን ግቡን እንወቅ

አንድ ነጋዴ ለበዓል ገበያ የሚሆን ዕቃ እንዲገዛለት ሠራተኛውን ወደ ሩቅ አገር በሚልክበት ጊዜ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ሊሰጠው ይችላል። በመጀመሪያው ዓይነት የሃያ ዕቃዎች ስም በወረቀት ጽፎ ይሰጠውና «እነዚህን ገዝተህ ና» ይለዋል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ያንኑ ዝርዝር ከሰጠው በኋላ «ዋናው ጕዳይ ለፋሲካ የልጆች ልብስና ጫማ በሱቃችን እንዳይጐድል ነው» ሲል ይጨምርለታል። ሠራተኛው ከገበያው ደርሶ ከሃያው ዕቃ ስምንቱን ያጣ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ የተሰጠው ሰው ያገኘውን ያህል ገዝቶ ይመለሳል፤ ምናልባትም የገዛው ሁሉ ለፋሲካ የማይፈለግ ሆኖ ይገኛል። ዋናው ጕዳይ የተነገረው ግን የትኛውን መተው፣ የትኛውንም በሌላ መተካት እንደሚገባው ራሱ ይፈርዳል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የትጋት ልዩነት አይደለም፤ አንዱ ግቡን ማወቁ፣ ሌላው ግን አለማወቁ ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣሁት ዛሬ ብዙዎቻችን አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ባለሱቆች ስለምናሠራው ሶፍትዌር፣ ማለት ስለ ኮምፒዩተርና ስለ እጅ ስልክ ፕሮግራም፣ በበኩሌ ያለኝን አሳብ ለመግለጽ ነው። ቀድሞ በመዝገብ ይያዝ የነበረው የዕቃ ገቢና ወጪ፣ የሽያጭና የዱቤ ሒሳብ አሁን በየሱቁ ወደ ኮምፒዩተር በመግባት ላይ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩልን ወጣት ባለሙያዎች ስለ «አጃይል»፣ ስለ «ስክረም»፣ ስለ «ስፕሪንት» ሲነግሩን ቃላቱ እንግዳ ስለሚሆኑብን ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። እኔ እንደማምነው ግን በዚህ አሠራር ውስጥ ነጋዴው ራሱ ጠንቅቆ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የስፕሪንት ግብ የሚባለው ነው። ግቡ በትክክል ካልተወሰነ ገንዘባችንም ጊዜያችንም ይባክናል፤ ግቡን በትክክል ለመወሰን ደግሞ ከባለሙያዎቹ እውቀት ጋር የእኛም እውቀት የግድ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ሶፍትዌር ቀድሞ ብዙ ጊዜ ይሠራ የነበረው እንደ ሕንፃ ሥራ ነበር፤ ፕላኑ ሁሉ አስቀድሞ ይነደፋል፣ ውል ይፈረማል፣ ከረጅም ጊዜም በኋላ ያለቀው ሥራ ለባለቤቱ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሂሮታካ ታኬውቺና ኢኩጂሮ ኖናካ የተባሉ ሁለት የጃፓን ሊቃውንት በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ እንደ ሆንዳ፣ ካኖንና ፉጂ ዜሮክስ ያሉ ኩባንያዎች አዲስ ዕቃ ለማውጣት ሥራውን ከክፍል ወደ ክፍል መቀባበልን ትተው፣ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን ሰዎች እንደ ራግቢ ተጫዋቾች በአንድነት ኳሱን ይዘው ወደ ፊት እንዲገፉ ማድረጋቸውን አስረዱ። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዌበር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያንም ይህን የመሰለውን አሳብ ለሶፍትዌር ሥራ እንዲስማማ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1995 በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በኦስቲን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ «ስክረም» የተባለውን አሠራር አቀረቡ። ስሙም ከዚያው ከራግቢ ጨዋታ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አሥራ ሰባት ባለሙያዎች በዩታ ክፍለ ሀገር በስኖውበርድ ተሰብስበው የአጃይልን መርሖ በአጭር ጽሑፍ አወጡ።

በስክረም ሥርዓት ሥራው ከአንድ ወር በማይበልጡ አጫጭር ጊዜያት ይከፈላል፤ ሁለት ሁለት ሳምንት የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው። እያንዳንዱ ጊዜ «ስፕሪንት» ይባላል፤ ትርጕሙም የአጭር ርቀት ሩጫ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቡድኑ ተሰብስቦ ያቅዳል፤ በየቀኑ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ ስብሰባ ያደርጋል፤ በመጨረሻውም የተሠራውን ለባለ ጕዳዮቹ ያሳያል። ሽዌበርና ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ያወጡትና እ.ኤ.አ. በ2020 ያሻሻሉት የስክረም መመሪያ በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄዎች እንዲመለሱ ያዛል። ይህ ስፕሪንት የሚጠቅመው ለምንድን ነው? በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን ሊሠራ ይቻላል? የተመረጠውስ ሥራ እንዴት ይሠራል? ግቡ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ነው። ብዙ ቡድኖች ግን ከሁለተኛው ጥያቄ ይጀምራሉ፤ የሥራ ዝርዝር ያዘጋጁና መጨረሻ ላይ ለዝርዝሩ ስም ያወጡለታል። ያን ጊዜ ግቡ የሥራው መሪ መሆኑ ቀርቶ የዝርዝሩ አርእስት ብቻ ይሆናል።

ሥራን በአጫጭር ጊዜ ከፍሎ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ከኤፍ.ቢ.አይ.፣ ታሪክ ለመረዳት ይቻላል። ይህ መሥሪያ ቤት የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ያሠራው የነበረ አንድ ፕሮግራም 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳይጠቅም ተተወ። በምትኩ «ሴንቲነል» የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 በኮንትራት ተጀመረ፤ እርሱም ከታቀደለት ጊዜ ስለ ዘገየ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን ወደ ራሱ መልሶ በየሁለት ሳምንቱ በሚጠናቀቁ ስፕሪንቶች ማሠራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ሴንቲነል ለሠራተኞቹ አገልግሎት ክፍት ሆነ። በዚያ ሥራ በየሁለት ሳምንቱ የሚታይ ነገር መቅረቡ ስሕተትን ሳይውል ሳያድር ለማየት አስችሏል። ነገር ግን ጊዜውን ማሳጠር ብቻውን በቂ አይደለም። ወዴት እንደሚሮጥ ያላወቀ ሰው ሩጫው ቢያጥርለትም ከመንገድ መሳቱ አይቀርም።

ይህን የምለው ከራሴ ኪሣራ ተምሬ ነው። የምነግደው ምስማር፣ ቧንቧ፣ ቀለምና ይህን የመሳሰለውን የቤት መሥሪያ ዕቃ ነው። ሱቄ መርካቶ ሲሆን መጋዘኔ ከዚያ ራቅ ይላል። ደንበኛ መጥቶ ዕቃ ሲጠይቅ ሻጩ ወደ መጋዘኑ ስልክ ይደውላል፤ የመጋዘኑ ኀላፊ ካርዱን አገላብጦ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ደንበኛው ወደ ጐረቤት ሱቅ ይሄዳል። ይህን ችግር ለማስወገድ ብዬ አምስት ወጣቶች ካሉበት አንድ አነስተኛ ቡድን ጋር ተዋውዬ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ማሠራት ጀመርሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ስፕሪንቶች «ግብ» ተብሎ ይጻፍ የነበረው ይህን የመሰለ ነበር፤ «የመግቢያውን ገጽ ማስተካከል፣ የደንበኞችን ስም ማስገባት፣ የወር ሪፖርት መጀመር፣ የዕቃ ፎቶግራፍ መጨመር፣ ካለፈው የተረፈውን መጨረስ።» ወጣቶቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ በየሁለት ሳምንቱ ካቀዱት አብዛኛውን ሠርተው ያሳዩኝ ነበር። እኔም የገጹን ማማር እያየሁ እደሰት ነበር። ይሁን እንጂ ስድስት ሳምንት አልፎ ሻጬ አሁንም ስልክ ይደውል ነበር። ጥፋቱም የእነርሱ ብቻ አልነበረም። ሶፍትዌሩን ለምን እንደ ፈለግሁት አንድ ቀን እንኳ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልነገርኋቸውም፤ እነርሱም አልጠየቁኝም።

ለአራተኛው ስፕሪንት ስናቅድ ከመካከላቸው አንዲቱ ወጣት «ጋሼ፣ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ ይሳካልዎታል ቢባሉ የትኛውን ይመርጣሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሳላመነታ «ሻጬ ስልክ መደወሉን ይተውልኝ» አልኋት። ወዲያውኑ ግቡ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፤ «በዚህ ስፕሪንት መጨረሻ ሻጩ ስልክ ሳይደውል አንድ ዕቃ በመጋዘኑ ስንት እንዳለ በሱቁ ሆኖ ለማወቅ ይችላል።» መሳካቱንም የምናረጋግጥበትን ወሰንን፤ በመጨረሻው ቀን ሃያ ዓይነት ዕቃ ተመርጦ በኮምፒዩተሩ የሚታየው ቍጥር ከመጋዘኑ ቆጠራ ጋር እንዲመሳከር ተስማማን።

በስድስተኛው ቀን ችግር ተገኘ። ምስማር በመጋዘኑ በካርቶን፣ በሱቁ ግን በኪሎ ይመዘገብ ስለ ነበር ቍጥሩ አልገናኝ አለ። የሥራ ዝርዝር ብቻ ቢኖረን ኖሮ ይህ ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ነበር። ግቡ ግን መለኪያው ሳይስማማ ሊፈጸም የማይቻል ሆነ። ስለዚህ የፎቶግራፉና የወር ሪፖርቱ ሥራ እንዲቆይ ተስማምተን ባለሙያዎቹ መለኪያውን ወደ ማስተካከል ዞሩ። በመጨረሻው ቀን ከሃያው ዕቃ የአሥራ ስምንቱ ቍጥር ተገናኘ፤ የሁለቱም ልዩነት ከመጋዘኑ ወጥቶ ሳይመዘገብ ከቀረ ዕቃ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ከታቀዱት ሥራዎች ከግማሽ የሚበልጡት አልተሠሩም ነበር፤ ሆኖም እስከዚያ ድረስ ከከፈልሁባቸው ስፕሪንቶች ሁሉ ጥቅም ያገኘሁበት እርሱ ነው።

ከዚህ ከደረሰብኝ ነገርና መመሪያውን ካነበብሁት በመነሣት፣ መልካም ግብ በአራት ምልክቶች ይታወቃል እላለሁ።

አንደኛ፤ ግቡ አንድ ብቻ መሆን አለበት። አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ። በግቡ ጽሑፍ ውስጥ «እንዲሁም» የሚል ቃል ከገባ ሁለት ግቦች ተቀላቅለዋል ማለት ነውና አንዱን ለሚቀጥለው ስፕሪንት ማቆየት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ግቡ ባለሙያው የሚሠራውን ሳይሆን ተጠቃሚው የሚያገኘውን መናገር አለበት። ለምሳሌ አንድ የቡና ላኪ «የሰነዶችን ክፍል አሥራ ሁለት ሥራዎች መጨረስ» የሚል ግብ ቢቀርብለት ሥራው ይጥቀመው አይጥቀመው ለማወቅ አይችልም። «ላኪው ለአንድ ጭነት ከሚያስፈልጉት ሰነዶች የትኛው እንደ ጐደለ በአንድ ገጽ ለማየት ይችላል» ቢባል ግን ወዲያውኑ ይገባዋል። ኢንቮይሱ፣ የጭነቱ ዝርዝር፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ከእነዚህ አንዱ በመጓደሉ ባንክ ክፍያውን ያቆየበት ላኪ የዚህን ግብ ዋጋ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፤ ግቡ መፈጸሙ ወይም አለመፈጸሙ በመጨረሻው ቀን ያለ ክርክር መታወቅ አለበት። «የሽያጩን ሥራ ማሻሻል» የሚለው ግብ አይደለም፤ ምን ያህል ሲሻሻል ተፈጸመ እንደሚባል አይታወቅምና። እኛ በሌተር ኦፍ ክሬዲት የምንነግድ ሰዎች ይህን በሚገባ እናውቃለን፤ ባንኩ የሚያየው ሰነዱን እንጂ «ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል» የሚለውን ቃል አይደለም።

አራተኛ፤ ግቡ የሚደረስበትን ስፍራ ወስኖ መንገዱን ለባለሙያዎቹ መተው አለበት። ነጋዴው «በቀኝ በኩል አረንጓዴ ቍልፍ አድርጉልኝ» ማለት ከጀመረ የራሱን ሥራ ትቶ የባለሙያውን ሥራ መያዙ ነው። መንገዱ ክፍት ካልሆነ እንደ ምስማሩ ያለ ችግር ሲነሣ የሚተውንና የሚተካውን መምረጥ አይቻልም።

ወደ ራሳችን ጥፋት ልመለስና፣ ብዙ ጊዜ ግቡን የሚያፈርሰው ባለሙያው ሳይሆን እኛው ባለገንዘቦቹ ነን። ስፕሪንቱ ከተጀመረ ከሦስት ቀን በኋላ ስልክ አንሥተን «ይህችንም ትንሽ ነገር ጨምሩልኝ» እንላለን። አንዲቱ ትንሽ ነገር አምስት ትሆናለች። ወጣቶቹም አክብረውን እንቢ ለማለት ይፈራሉ፤ በመጨረሻው ቀን ግን ግቡ ሳይደረስ ይቀርና «እነዚህ ልጆች ቃላቸውን አይጠብቁም» እያልን እናማለን። መመሪያው የስፕሪንቱን ግብ አደጋ ላይ የሚጥል ለውጥ በመካከሉ እንዳይደረግ ይከለክላል። ሥራዎቹን ግን ባለሙያዎቹ ከምርቱ ባለቤት ጋር እየተመካከሩ ሊያሻሽሏቸው ይችላሉ። «ፕሮዳክት ኦውነር» የሚባለው ይህ የምርቱ ባለቤት ከሥራዎች ሁሉ የሚቀድመውን የሚወስነው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ጥያቄዎቹን በዚህ በአንድ ሰው በኩል ማቅረብ፣ አዲስ አሳብም ሲመጣለት በማስታወሻው ጽፎ ለሚቀጥለው ዕቅድ ማቆየት ይገባዋል። ሁለት ሳምንት መታገሥ ለነጋዴ ብዙ አይደለም፤ መርከብ ከዚያ የበለጠ ያስጠብቀናል።

እርግጥ ነው፣ ግቡ ራሱ ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በቀድሞው ምንዛሪ ላይ የተመሠረተ የዋጋ ዝርዝር ያሠራ የነበረ አስመጪ ቢኖር ግቡ በአንድ ቀን ዋጋ ያጣበት ነበር። እንዲህ ሲሆን ለይስሙላ እስከ መጨረሻው መሮጥ አይገባም፤ የምርቱ ባለቤት ስፕሪንቱን ሰርዞ አዲስ ግብ ሊያስወስን ይችላል። ሥልጣኑ ግን የእርሱ ብቻ ነው፤ የሚሠራበትም ግቡ ዋጋ ሲያጣ እንጂ ባለገንዘቡ አሳቡን በለወጠ ቍጥር አይደለም።

አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ አሳብ ላይ የሚያነሡት ሁለት መቃወሚያ አለ። አንደኛው «ቡድኑ ብልሽት ይጠግናል፣ የልዩ ልዩ ክፍሎችን ጥያቄ ያስተናግዳል፤ እንዴት አንድ ግብ ብቻ ሊኖረው ይችላል?» የሚል ነው። መቃወሚያው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ግብ አንድ ነው ማለት ከእርሱ በቀር ሌላ ሥራ አይሠራም ማለት አይደለም። ጊዜ ሲጠብብ የትኛው እንደሚቀድም ታውቋል ማለት ነው። ብልሽት እንደሚመጣ የታወቀ ነውና ቡድኑ የስፕሪንቱን ጊዜ ሁሉ በታቀደ ሥራ ሳይሞላ ለድንገተኛው ሥራ ክፍት ቦታ መተው አለበት። መጋዘኑን እስከ ጣራው የሞላ ነጋዴ አዲስ ጭነት ሲመጣበት የሚያራግፍበት እንደሚያጣ ሁሉ፣ ጊዜውን እስከ መጨረሻው ሰዓት የሞላ ቡድንም እንዲሁ ይቸገራል።

ሁለተኛው መቃወሚያ «ግቡን ያልፈጸመ ቡድን መቀጫ ይክፈል» የሚለው ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚህ አስብ ነበር። አሁን ግን ጎጂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቅጣት የፈራ ቡድን በእርግጥ የሚደርስበትን ዝቅተኛ ግብ ይጽፋል፤ ግቡም ሁልጊዜ ይፈጸማል፣ ሱቁ ግን አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ2011 መመሪያው ሲሻሻል ቡድኑ የመረጣቸው ሥራዎች ቃል የተገባባቸው መባላቸው ቀርቶ ትንበያ ተብለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ው መመሪያ ደግሞ ቡድኑ ቃሉን የሚያስርበት የስፕሪንቱ ግብ ሆኗል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዝርዝሩ ሊለወጥ የሚችል ግምት ነው፤ በዝርዝሩ መጓደል ባለሙያን መውቀስ አይገባም። ግቡ ሲቀር ግን ቡድኑና ነጋዴው አብረው ተቀምጠው የቀረበትን ምክንያት መመርመር አለባቸው። አንድ ጊዜ ቢቀር ትምህርት ነው። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከቀረ ወይ ግቡ ከዐቅም በላይ ነበር፣ ወይ መካከል ላይ የሚያውከው አለ፤ የሚያውከውም ብዙ ጊዜ ነጋዴው ራሱ ነው።

እንግዲህ ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ሶፍትዌር በምናሠራበት ጊዜ የየስፕሪንቱ ግብ በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጽፎ እንዲሰጠን ከመጀመሪያው እንዋዋል። ይህም ዓረፍተ ነገር በሱቁ ለሚያገለግለው ሻጭና ለመጋዘኑ ኀላፊ ተነቦላቸው የሚገባቸው ይሁን፤ ያልገባቸው እንደ ሆነ ሥራው ሳይጀመር እንደገና ይጻፍ። በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ሥራውን የሚያውቅና ለመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ከእኛ ወገን ይገኝ። ስብሰባው ጊዜ ይወስዳል ብለን አንሰልች፤ መመሪያው ለአንድ ወር ስፕሪንት የፈቀደው ከስምንት ሰዓት አይበልጥም፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኮላ የተጻፈ ግብ በሦስተኛው ቀን ይፈታል። በመጨረሻም የሚታየውን ሥራ በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳይሆን ሻጩ ከሚቆምበት ከባንኮኒው ኋላ ቆመን፣ ደንበኛ እየመጣ እንመልከተው።

እኔ ከስድስት ሳምንት ክፍያ በኋላ የተማርሁት የአንዲት ወጣት ጥያቄ ነው። ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ነጋዴዎች ያንኑ ጥያቄ ውል ከመፈረማቸው በፊት ራሳቸውን ቢጠይቁ፣ እኔ የከፈልሁትን ሳይከፍሉ ትምህርቱን ያገኙታል። በሚመጡት ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ የሚሳካ ቢሆን የትኛው እንዲሆንላችሁ ትመርጣላችሁ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ነጋዴ ሶፍትዌር ለማሠራት ጊዜው ገና ነው።